“ለእማዬ ልሩጥላት ብዬ ነበር... ግን አልነገርኳትም!”

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ የፍቅሩ፣ የቅናቱና የ“ጥላኝ ሄደች” ጉዳይ እንደተለመደው ሞልቷል። እነሱን ለሌላ ሳምንት አቆይቼ ዛሬ አንዱን ብቻ ልምዘዝ። የጻፈው የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ የመርካቶ ልጅ። የእሱንም የእናቱንም ስም፣ የሚሠሩበትንም ተራ አልነግራችሁም። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል እዚህም እዚያም ቀንሼዋለሁ እንጂ ቃሉ የራሱ ነው።

“ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እኔንና ታላቅ እህቴን ለብቻዋ ያሳደገችን እናታችን ናት። መርካቶ ውስጥ ትንሽ መደብ አላት፤ በእሷ ነው የኖርነው። አምና ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ‘አያመኝም፣ ይተወኛል’ እያለች ከረመች። በኋላ ስትመረመር ካንሰር ነው ተባለ። ኦፕራሲዮን ሆናለች፤ አሁን ኬሞ እየወሰደች ነው። ፀጉሯ ስላለቀ ሁልጊዜ ሻሽ ታስራለች። ጎረቤት ሲጠይቃት ግን ‘ጨጓራ ነው’ ነው የምትለው። ከእኛና ከአጎቴ በስተቀር የሚያውቅ የለም።

“እኔ መሮጥ እወዳለሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሚቀድመኝ የለም ማለት ይቻላል። እናም አንድ ነገር አሰብኩ። በሚቀጥለው ታላቁ ሩጫ የእማዬን ፎቶ ቲሸርት ላይ አሳትሜ 10 ኪሎ ሜትሩን ልሮጥላት። ከዚያ በፊት በየሱቁ እየዞርኩ ‘ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ስጡ’ ብዬ ለመድኃኒቷ ገንዘብ ላሰባስብላት። ጓደኛዬም በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ እለቀዋለሁ ብሎኛል። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ሰርፕራይዝ ላደርጋት ነው። አጎቴ ግን ሲሰማ ጮኸብኝ። ‘ይሄ ልመና ነው! እህቴን የመርካቶ መነጋገሪያ ልታደርጋት ነው?’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል።

“ሌላም አለ፤ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ሳላቋርጥ ከጨረስኩ እማዬ ትድናለች ብዬ ተስያለሁ። ስለዚህ የግድ መሮጥ አለብኝ። ጋሼ፣ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?”

ወንድሜ፣ እኔ ጥፋት አላየሁብህም። በአንተ ዕድሜ ብዙው ልጅ ኪሱ እንዲሞላለት እናቱን ሲያስጨንቅ፣ አንተ ለእናትህ በእግርህ ልትደርስላቸው አስበሃል። ተባረክ! ነገር ግን ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው አገኘኋቸው፤ ሩጫው፣ ምስጢሩና ስለቱ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ልመና ነው ወይ?

አይደለም። በበሽታ ለተያዘ ሰው መሮጥ አዲስ ነገርም አይደለም። ካናዳ ውስጥ ቴሪ ፎክስ የሚባል ወጣት ነበር። በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ሆስፒታል ሳለ ያያቸው ሕመምተኞች ከሕሊናው አልወጡ ብለውት፣ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግሩ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ተነሳ። ጊዜው ሚያዝያ 1980 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዕድሜው 21 ነበር። በቀን 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠ። ልብ በል፤ በየቀኑ አንድ ማራቶን! በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ስለተገኘ አቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ በ22 ዓመቱ አረፈ። ይመኝ የነበረው ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነበር። ሳይሞት በፊት ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ አየ፤ የዚያን ጊዜው የካናዳ ሕዝብም ወደ 24 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬም ድረስ በየዓመቱ በስሙ ይሮጣል።

ወደ አገራችን እንምጣ። አንድ እናትና አባት ልጃቸውን በደም ካንሰር አጡ። ሐዘናቸውን ቤት ዘግተው ብቻ አላሳለፉትም። በ1996 ዓ.ም. በልጁ ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። የአንድ ሕፃን ስም ዛሬ ስንት ሕመምተኛ የሚረዳበት ስም ሆኗል! አንተ ልጅ ሆነህ ለወላጅ፣ እነሱ ወላጅ ሆነው ለልጅ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

ታላቁ ሩጫም ቢሆን ከጥንትም የሻምፒዮኖች ብቻ አይደለም። በኅዳር 1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲካሄድ 10 ሺህ ሰው ነበር የተሳተፈው፤ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ከኋላ ግን ተማሪው፣ ነጋዴው፣ እናቶችና አባቶች፣ እየጨፈረ የሚሄደው ሁሉ ነበር። ከዚያ ወዲህም ከሩጫው ጎን ለበጎ ሥራ ገንዘብ ማሰባሰብ የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ ያሰብከው ነገር ቦታም ወግም አለው።

ግን አጎትህም ዝም ብለው አልጮኹም። አዲስ አበባ ውስጥ የሕመምተኛ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና ድምፅ ማጉያ ጭኖ “ወገን ድረሱ!” እያለ ሲዞር ስንቴ አይተናል? ብዙዎቹ እውነተኛ ችግረኞች ናቸው። በሰው በሽታ የሚነግድም አልጠፋም። አጎትህ የታያቸው የእህታቸው ፎቶ እንደዚያ ተለጥፎ ነው። እሳቸውን እንደ ጠላት አትቁጠራቸው። ኩርፊያው ይብቃና ቀድመህ ሄደህ “አጎቴ፣ የፈሩት ገብቶኛል፤ እንዴት ቢሆን ነው የማያዋርደን?” ብለህ ጠይቃቸው። ትልቅ ሰው ምክር ሲጠየቅ ቁጣው ይበርዳል።

መርካቶ ወሬ ይፈጥናል!

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ይኼ ሰርፕራይዝ ያልከው ነገር አልተዋጠልኝም። ለምን? አንድ ረፋድ ላይ እናትህ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ደንበኛ እያስተናገዱ ነው እንበል። ከማዶ ያለ ነጋዴ ይመጣና ሰው በተሰበሰበበት “እትዬ፣ እግዜር ይማርሽ! ሳንሰማ ቀርተን ነው እኮ! ለልጅሽ 500 ብር ሰጥቼዋለሁ። ካንሰር ዛሬ መድኃኒት አለው፣ አይዞሽ!” ይላቸዋል። ሰውዬው ክፋት የለበትም። ደንበኞቹ ግን ሻሹን ያያሉ፤ ከዚያ ደረታቸውን ያያሉ። አንተን ልጠይቅህ፤ በዚያች ደቂቃ እናትህ ፊታቸውን ወዴት ያዞራሉ?

መርካቶን እኔ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። አንዋር መስጊድ ደጃፍ የተወራ ወሬ ራጉኤል ለመድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ምን አለሽ ተራ ሲደርስ ተጨምሮበት፣ አውቶብስ ተራ ሲደርስ “ሞተች” ተብሎ ነው። ያንን ቲክቶክ ላይ ስትጨምርበት ደግሞ መመለሻ የለውም። ቲሸርት ይወልቃል፤ የተለቀቀ ቪዲዮ ግን አይወልቅም።

እናትህ “ጨጓራ ነው” የሚሉት ዋሾ ሆነው አይደለም። እኛ አገር ካንሰርን በስሙ የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። “ያ ክፉ በሽታ” ነው የሚባለው። ገና ስሙ ሲነሳ “አለቀላት” የሚል አለ። ይተላለፋል ብሎ በሰውዬው ሲኒ ቡና የማይጠጣም አለ። (አይተላለፍም! በመተንፈስም፣ በመብላትም፣ በመተቃቀፍም አይተላለፍም። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለጎረቤታችሁ ንገሩልኝ።) ነጋዴ ሲሆኑ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለው። “ነገ ትኖር አትኖር” ብሎ ዱቤ የሚከለክል አከፋፋይ፣ እቁብ ላይ “ዋስ ጥሪ” የሚል ዳኛ ሊመጣ ይችላል። እናትህ ምስጢሩን የያዙት እንጀራቸውን ለመጠበቅም ሊሆን ይችላል። ይህን አስበኸው ታውቃለህ?

በሽታው ብዙ ነገር ወስዶባቸዋል፤ ጡታቸውን፣ ፀጉራቸውን፣ ጉልበታቸውን። ስለ ሕመማቸው ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚናገሩ መወሰን ግን እስካሁን በእጃቸው ያለ ነገር ነው። አንተ በፍቅር ብዛት እሱንም አትውሰድባቸው። ክብር የሚባለው ነገር ከተከባሪው ፈቃድ ይጀምራል።

ቴሪ ፎክስም እኮ መጀመሪያ እቅዱን ደብቆ ነበር። ለቤተሰቡ “ለሌላ ማራቶን ነው የምለማመደው” ይል ነበር። በኋላ ሲናገር እናቱ አልተቀበሉትም፤ ልጁም ተከፍቶ ነበር። ግን ተነጋገሩ። እያደር እናቱ ከዋና ደጋፊዎቹ አንዷ ሆኑ። እሱ ከሞተ በኋላ ሥራውን ለዓመታት የመሩትም እሳቸው ናቸው። እናት መጀመሪያ “እምቢ” ካለች ነገሩ ያለቀ አይምሰልህ።

እንዴት ልንገራት?

ኬሞ በወሰዱ ሰሞን አይሁን፤ ያን ጊዜ ማቅለሽለሹና ድካሙ ስለሚበዛ ወሬም ይሰለቻቸዋል። ትንሽ ሻል ሲላቸው፣ ማታ ቡና ተፈልቶ እህትህም ባለችበት ተናገር። ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ። “እማዬ፣ ልሮጥልሽ አስቤያለሁ። ፎቶሽን ልልበስ? ወይስ ስምሽን ብቻ ልጻፍ? ወይስ ማንም ሳያውቅ ለአንቺ ብቻ ልሩጥ?” በላቸው። ከሦስቱ የመረጡትን ተቀበል። ቢያለቅሱ አትደንግጥ፤ ምናልባት ሕመማቸውን የሚካፈል ሰው ያገኙት ያን ቀን ይሆናል።

እምቢ ቢሉህስ? እምቢ ማለት እምቢ ነው! ፎቶ የለም፣ ስም የለም፣ ቪዲዮ የለም። ሩጫውን ግን ማንም አልከለከለህም። ባዶ ቲሸርት ለብሰህ ሩጥ፤ የምትሰበስበውንም በማኅበር በኩል ለሌሎች ሕመምተኞች አድርገው። ሜዳሊያህን ይዘህ ገብተህ አንገታቸው ላይ ታጠልቀዋለህ። ያንን መርካቶ ባያውቀውም እሳቸው ያውቁታል።

ስለ ስለቱ...

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ልቤን የነካው ይኼ ነው። “ሳላቋርጥ ከጨረስኩ ትድናለች።” በፈጣሪህ ፊት የተሳልከውን እኔ ልሻር አልልህም፤ እሱን ከንስሐ አባትህ ወይም ከምታምነው የሃይማኖት አባት ጋር ተመካከርበት። እኔ የምልህ ሌላ ነው። 7ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግርህ ቢወለምስ? በዚያ ሕዝብ መሐል ተገፍተህ ብትወድቅስ? ያን ቀን ጉንፋን ቢይዝህስ? ከዚያ በኋላ እናትህ አንድ ነገር ቢሆኑ ዕድሜ ልክህን “እኔ ነኝ የገደልኳት” ልትል ነው?

እንዲህ ዓይነት ሸክም መርካቶ ውስጥ ያለ ማንም ተሸካሚ አይችለውም። የእናትህ መዳን በአንተ ጅማት ላይ አልተንጠለጠለም። በሐኪሞቹ፣ በመድኃኒቱ፣ በሽታው በተደረሰበት ጊዜና በፈጣሪ ነው። ብትወድቅም እየተራመድክ ግባ፤ ብታቋርጥም እናትህ ያንኑ መድኃኒት ነው የሚወስዱት። ይልቅ ስለትህን ለውጠው፤ “ብትድንም ባትድንም ከጎኗ አልጠፋም” በል። ይኼኛው በአንተ እጅ ያለ ነው። ደግሞም ፍርሃቱን ለብቻህ ይዘህ አትሂድ፤ ለእህትህ ንገራት። እሷም በሌላ ክፍል ሆና ያንኑ ፍርሃት ነው የምትፈራው።

እሺ ካሉህ...

እናትህ ፈቅደው፣ አጎትህም ተስማምተው ነገሩ ከተጀመረ የሚከተሉትን አትርሳ።

ገንዘቡን አንተ አትያዝ። ዕድሜህ ገና ነው፤ ደግሞም ሰው ማማቱ አይቀርም። እድርና እቁብ ያስተማሩን ነገር አለ አይደል? ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይኑራችሁ። አጎትህ አንዱ ቢሆኑ ቁጣቸው ወደ ኃላፊነት ይለወጣል። የሰጠ ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ በቴሌብር የገባውም ጭምር። ለመድኃኒት የወጣው በደረሰኝ ይያዝ። ከተረፈ ለማን እንደሚሆን ከመጀመሪያው ተናገሩ። እንዲህ ከሆነ “ልመና ነው” የሚል አፍ ይዘጋል።

ሰጪዎችህ የሚያውቋችሁ ሰዎች ይሁኑ። 30 ነጋዴዎች ለአንድ ኪሎ ሜትር 50 ብር ቢሰጡህ፣ ለ10 ኪሎ ሜትር 15 ሺህ ብር ነው። ይኼ ለሕክምናው ሁሉ አይበቃም፤ ግን ለትራንስፖርት፣ ለምርመራ፣ ጎድሎ ለሚገዛ መድኃኒት ይደርሳል። ሣጥን ይዞ መንገድ ላይ መሰብሰብ ግን ፈቃድ ይፈልጋልና ወረዳውን ሳትጠይቅ እንዳትሞክረው።

ምዝገባውን ቀድመህ አጣራ። የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ቶሎ ያልቃል፤ የዕድሜ ደንቡንም ጠይቅ። ልምምድህን ከ3 ኪሎ ሜትር ጀምረህ በየሳምንቱ ጨምር። “ትምህርት ቤት የሚቀድመኝ የለም” ብለህ እንዳትዝናና፤ 10 ኪሎ ሜትር ሌላ ነው። መርካቶ አካባቢ የምትለማመድ ከሆነ እሑድ ማለዳ ይሻላል። በአዘቦት ቀን በጭነት መኪናውና በጋሪው መሐል ስትሽሎከለክ ተሸካሚው “ዞር በል!” ብሎ ሳይሆን ገጭቶህ ነው የሚያልፈው።

ሩጫው አንድ ቀን ነው፤ ሕክምናው ግን ወራት ነው። ሆስፒታል ሲሄዱ በሌሊት ተነስቶ ወረፋ መያዝ፣ ከትምህርት ቤት መልስ መደቡን መጠበቅ፣ ካርዳቸውንና የምርመራ ወረቀታቸውን በአንድ ፌስታል አስተካክሎ መያዝ... እነዚህም ሩጫ ናቸው። ኬሞ የሚወስድ ሰው በሽታ የመቋቋም ኃይሉ ስለሚደክም ጉንፋን የያዘው ጠያቂ እንዲመለስ በትሕትና ንገር፤ እናትህ ትኩሳት ካላቸው ደግሞ “ነገ ይሻላታል” ሳትሉ ያኑኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

እህትህም ትመርመር። እናቷ የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለባት። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በብዛት አንደኛው የጡት ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ደግሞ ከዘገየ በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት እናትህ ያሉት ራሱ ነው፤ “አያመኝም።” አዎ፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ የሚያዘናጋውም እሱ ነው።

ለሌሎቻችሁ አንባብያን ደግሞ አንድ ቃል። ድሮ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጅማ፣ ከጎንደር፣ ከሐረር ሕመምተኛ ተጭኖ መጥቶ በረንዳ ላይ ተራ ይጠብቅ ነበር። በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ጀምረውታል። ቢሆንም ዛሬም ወረፋ አለ፣ መድኃኒትም ይጎድላል። ስለዚህ አንድ ልጅ ደብተር ይዞ ሱቃችሁ ቢመጣ ግንባራችሁን አትቋጥሩ። ጠይቁት፤ ደብተሩን እዩ፤ እውነት ከሆነ የአቅማችሁን ጻፉለት። የእናቱን ስም ካልነገራችሁ ግን አትመርምሩት። ያልነገራችሁ እሷ ስላልፈቀደች ይሆናል።

አንተ ወንድሜ፣ እናትህ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ። እሺም ቢሉህ፣ እምቢም ቢሉህ፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ እዚህ ጋዜጣ ላይ አላወጣውም። እስከዚያው ለእናትህ ምሕረቱን ያውርድላቸው!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።